ቁልቁል የቆመ መኪና

የአባቴ መኪና ዘይት መብላት ሲጀምር እኛ ልጆቻቸው በልባችን እሰይ አልን። ምክንያት ነበረን። አባቴ ሰማንያ ዓመት እየተጠጋቸው ነው። በክረምቱ ማብቂያ የጎረቤት ካብ ገጭተው ጉሙ ነው አሉ፤ ጎረቤትየው ግን ያን ቀን ጉም እንዳልነበረ ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ። ከቤታቸው ወደ ቀየት ገበያ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በአንድ ጎኑ ገደል ነው። አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ያገባችው ታናሽ እህቴ፣ ሞላሌ የማስተምረው እኔ፣ ሦስታችንም መንዳት ማቆም እንዳለባቸው ተስማምተናል። ያልተስማማነው ማን ይንገራቸው በሚለው ላይ ነው።

ዕድሜያቸውን በሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው። ለእኔም መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው «አባባ፣ ከእንግዲህ ቁልፉን ያስቀምጡ» ማለት «ከእንግዲህ አይናገሩ» ከማለት የሚለይ አልመስልህ አለኝ። ወንድሜ ታላቅ ስለሆነ እሱ ይንገራቸው ስል፣ እሱ ደግሞ ቅርብ ስላለሽ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ ይለኛል። እህቴ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ እያለች ከነገሩ ትወጣለች። በዚህ መሀል ሞተሩ ማጨስ ጀመረ።

«ተገላገልን፤ ሞተሩ ራሱ ይነግራቸዋል» አለኝ ወንድሜ በስልክ።

መኪናው ጡረታ ሲወጡ የገዙት አሮጌ ነጭ ፒካፕ ነው። በገበያ ቀን የጎረቤቶቻቸውን ገብስና በግ ይጭኑበታል፤ የታመመ ሲኖር ደግሞ ጤና ጣቢያ ያደርሱበታል። ቤታቸው ያለው ተረተር ላይ ነው። በእኛ ሰፈር ለጥ ያለ መሬት ከተገኘ የሚሆነው ለአውድማ ነው፤ ሌላው ሁሉ ወይ ሽቅብ ወይ ቁልቁል ነው። ሞተር ማስነሻው ሞተሪኖ ከደከመ ወዲህ፣ በተለይ በውርጩ ወራት፣ መኪናው በቁልፍ አልነሳም ይላል። ስለዚህ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ተደርጎለት፣ ኮፈኑ ላይ የበግ ጠጉር ባና ተጥሎበት ያድራል። ጧት ድንጋዩ ይነሳል፣ መኪናው ይንከባለላል፣ አባቴ ፍሪሲዮኑን ሲለቁት ሞተሩ ይነሳል። በአካባቢው አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ የሚያቆመው እንዲሁ ነው፤ ቁልቁለቱን እንደ ሁለተኛ ባትሪ ነው የሚቆጥረው።

ከዚያ በፊት ግን ዘይት ይለካል። አባቴ ዘይት ሳይለኩ መኪና አስነስተው አያውቁም። ባናውን ያነሳሉ፣ ኮፈኑን ይከፍታሉ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይመዛሉ፣ በጨርቅ ይጠርጋሉ፣ መልሰው ከተው ይመዛሉ። ከዚያ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ዛሬም በልቶታል» ይላሉ፤ ከጀሪካኑም ይጨምሩለታል። አንድ ቅዳሜ እኔም አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ዘንጉ ላይ ሁለት ምልክት አለ፤ ዘይቱ ከታችኛውም በታች ነበር።

የገበያው ሰው ሊተዋቸው ነው? «ጋሼ፣ መኪናዎ ዛሬም እያጠነ መጣ» ይሏቸዋል። እሳቸውም አይናደዱም፤ የጭሱን ደመና ዞር ብለው ያዩና «አብረን አረጅን። እሱ ዘይት አላቆም አለ፣ እኔን ጉልበቴ አላቆም አለኝ» ይላሉ። ይህን ነገር ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይም ሲሉት ሰምቻለሁ፣ ለቅሶ ቤትም። ሲናገሩት ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ አልነበረም። እንዲያውም ደስ የሚላቸው ነገር አለበት፤ በሽታው ከወዳጁ በሽታ ጋር አንድ እንደሆነ የሰማ ሰው ዓይነት።

እኔ ግን ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። ያስተማሩኝ እኮ እሳቸው ናቸው። ጭሱ ነጭ ከሆነ ውኃ ነው፣ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶበት ነው፣ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ነው። ሽቅብ ሲጎትት ካጨሰ የፒስተኑ ቀለበቶች አልቀዋል፤ ቁልቁለት ወርዶ እንደገና ነዳጅ ሲሰጠው ቡፍ ካለ ቫልቮቹ ላይ ያለችው ጎማ ደርቃለች። የአባቴ መኪና ግን ሽቅብም ያጨሳል፣ ቁልቁልም ያጨሳል፣ ቆሞም ያጨሳል። ጉልበቱ ደግሞ አልቀነሰም፤ ስምንት ኩንታል ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ ከድሮው የተለየ ነገር አላየሁበትም። ቀለበቱ ያለቀ ሞተር እንዲህ አይጎትትም።

ሞላሌ ያለው መካኒክ ካንዴላዎቹን ፈትቶ አሳየን። አራቱም በዘይት ርሰው ጠቁረዋል። የአየር ማጣሪያው ራሱ ዘይት ጠጥቷል። «ሞተሩ መውረድ አለበት» አለ። «ወርዶም ዕቃው ከየት ይገኛል? ለመለዋወጫ የሚገዛችሁ ሰው ላምጣላችሁ።» ያየውን ነው የተናገረው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ሌላ የምለው አልነበረኝም።

አባቴ «ይሁን» አሉ። እሳቸው እንዲህ በቀላሉ ይሁን ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ቤት ደርሰን ከመኪናው ሲወርዱ ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝና «እኔ አላስረክብም። አንቺ ውሰጂውና አስረክቢልኝ» አሉኝ። ኮፈኑን በመዳፋቸው አንዴ መታ አድርገው ገቡ።

ሞላሌ ያመጣሁት ገዢው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። የትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ፣ የኳስ ሜዳው ዳር፣ ለጥ ባለው መሬት ላይ አሳደርኩት። በማግሥቱ ጧት ቁልቁለት ስለሌለ መምህራኑ ገፍተው እንዲያስነሱልኝ እየጠበቅሁ፣ ልማድ ነውና ኮፈኑን ከፍቼ ዘይቱን ለካሁ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ፣ ጣት የሚያህል ወደ ላይ ወጥቷል።

ሳልጠርገው የለካሁ መሰለኝ። ጠርጌ ለካሁ፤ ያው ነው። ደግሜ ለካሁ። ባዶ ነው የተባለ ሞተር እስከ አንገቱ ሞልቷል። ማን ጨመረበት ብዬ የግቢውን ዘበኛ ሳይቀር ጠየቅሁ፤ ሰውየው የመኪና ዘይት ሰርቆ ሳይሆን ሰጥቶ ሲጠረጠር የመጀመሪያው መሆን አለበት።

መምህራኑ ገፍተው አስነሱልኝ፤ ከግቢው ወጥቼ በር ላይ ባለው ቁልቁለት እንደ አባቴ አፍንጫውን ወደ ታች አድርጌ አቆምኩት፤ አጥፍቼም እስኪረጋ ጠበቅሁ። ለካሁ። ከታችኛው ምልክት በታች። ዘይቱ ያው ዘይት ነው፤ መኪናው ሲያዘቀዝቅ ወደ ፊት ይሄድና ዘንጉ ካለበት በኩል ይሸሻል። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። አባቴ በየጧቱ የጎደለ መስሏቸው ሲጨምሩ፣ ሞተሩ የተረፈውን መያዣ አጥቶ በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር ማጣሪያው ሲያስወጣና መልሶ ሲያቃጥለው ኖሯል። መሥሪያ ቤት ሳሉ መኪናቸው የሚያድረው ለጥ ያለ ሲሚንቶ ላይ ነበር። ሜዳ ላይ ለኩ ብሎ የነገራቸው ቢኖር እንኳ፣ ያን ጊዜ ሊያስታውሱት የሚያስፈልግ ነገር አልነበረም።

ለወንድሜ ደወልኩለት።

«አትንገሪያቸው» አለኝ ወዲያው። «ምን ጎደለ? በክብር ሰጥተዋል። ሞተሩ አርጅቶ ቆሙ እንጂ እሳቸው አርጅተው ቆሙ የሚል ሰው የለም።»

ልክ ነው። ወንድሜ በጣም የሚያናድደኝ ልክ ሲሆን ነው። ብነግራቸው ሁለት ነገር እነግራቸዋለሁ። አንደኛው፣ መኪናው ደህና ስለሆነ ነገ በገደሉ አፋፍ ይንዱ ነው። ሁለተኛው፣ የታመመው በእርስዎ እጅ ነው የሚል ነው፤ ያውም ለስንቱ ሹፌር ዘይት መለካት ላስተማሩ ሰው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንዳስፈራኝ አሁንም አላውቅም።

ገዢው ከመካኒኩ ጋር መጣ። ኮፈኑን ከፍቶ የትኛውን ዕቃ አስቀድሞ እንደሚፈታ በጣቱ እየነካ ይነግረው ጀመር። ከጀርባው ቆሜ ሳየው፣ ጤነኛ ሞተር በሐሰት ምርመራ ሊበለት ነው የሚል ነገር መጣብኝና አልሸጥም አልኩ። ሰውየው ተቆጣ፤ ቢቆጣም አልፈርድበትም። መካኒኩን ግን አስቀረሁትና ትርፉን ዘይት አፈሰስነው፣ ማጣሪያውን ቀየርን፣ ካንዴላዎቹን አጸዳን፣ ሞተሪኖውንም ሠራልኝ። ለጥቂት ቀን ወደ መሐል ሜዳ ከተማ በሚወስደው መንገድ ስመላለስበት ሰነበትኩ። መጀመሪያ በቱቦው ውስጥ የቀረውን ዘይት እያቃጠለ አጨሰ፤ ከዚያ እየሳሳ ሄደና ጠፋ። ሜዳ ላይ በለካሁ ቁጥር ዘይቱ ካለበት ንቅንቅ አላለም።

አባቴ ቤት ስደርስ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። ጭስ የሌለው መኪና ሲመጣ አይተው የራሳቸው መሆኑን የተጠራጠሩ መሰለኝ። አገም ጠቀም ሳልል ሁሉንም ነገርኳቸው። ጨርሼ ስበቃ መኪናው የሚያድርበትን ቁልቁለት ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አውድማው ላይ አውጪው» አሉኝ።

አውድማ ላይ መኪና አይቆምም፤ እህል የሚበራይበት ነው። ነገር ግን ገብሱ ገብቷል፣ ገለባውም ተከምሯል። ቀስ ብዬ አወጣሁትና አጠፋሁት። አውድማ በጫማ አይረገጥምና ጫማቸውን አውልቀው ወደ አውድማው ገቡ፤ ዘይቱ እስኪረጋም ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ዘንጉን መዘዙ፣ ጠረጉ፣ ከተቱ፣ መዘዙ። ወደ ፀሐይ አነሱት። ራቅ አድርገው አዩት፣ ቀረብ አድርገው አዩት። በአውራ ጣታቸው ጫፉን ዳሰስ አደረጉት፤ ብዙ ጊዜ እንደዚህ ያደርጉ ኖሯል፣ እኔ ግን የሚጠርጉት ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻ ዘንጉን ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

«የት ላይ ነው?»

«በላይኛው ምልክት ልክ ነው፣ አባባ።»

«እኔ ምልክቱ አይታየኝም» አሉ። «እንዲህ ከሆንኩ ሰንብቷል። እርጥበቱን በጣቴ ነበር የምፈልገው።»

ስለ ጉሙ ምንም አላልኩም። እሳቸውም አላነሱትም።

ዘንጉን ከእጄ ወስደው ቦታው መለሱትና ኮፈኑን ዘጉ። «እንግዲህ ሞተሩ ደህና ነው ማለት ነው።»

«ደህና ነው።»

«እኔ አብረን ያረጀን መስሎኝ ነበር።»

ይህን ሲሉ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። ሞተሩን ሳድን ከአባቴ የወሰድኩትን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ብቻቸውን አስቀረኋቸው።

ጫማቸውን ካጠለቁ በኋላ በመኪናው ዙሪያ ሄዱ። ወደ ሹፌሩ በር የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። አለፉት። በቀኝ በኩል ያለውን በር ከፍተው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ገቡ። በራሳቸው መኪና በዚያ በር ሲገቡ አይቼ አላውቅም፤ ወንበሩ ለሌላ ሰው ተስተካክሎ ስለነበር ጉልበታቸው ዳሽቦርዱን ነካ።

«ገበያ ሳይበተን እንድረስ» አሉ። «ንጂ።»

ሞተሪኖው በአንድ ቁልፍ አስነሳው። ወደ ቀየት የሚወስደውን ቁልቁለት ስንጀምር ዓይናቸውን ከመንገዱ ላይ አልነቀሉም። ከመጀመሪያው መታጠፊያ በፊት ቀኝ እግራቸው ፍሬን የሌለበትን ወለል ረገጠ። እኔ ገና ፍጥነት አልቀነስኩም ነበር፤ እግራቸውን ሳይ ፍሬኑን ነካ አደረግሁ። በሁለተኛው መታጠፊያ ላይም ረገጡ፤ እኔም ነካ አደረግሁ። እስከ ገበያው ድረስ እንዲሁ ወረድን፤ እሳቸው ወለሉን በረገጡ ቁጥር መኪናው ይቀንስላቸዋል።