ለሁለት የመታናት ክራር

ወረታ ገበያ ዳር ካለው የሩዝ መፈልፈያ ፊት ለፊት ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ የገለባው ትቢያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና፣ ልቤ ሳላስበው ያደግሁበት ቁሐር ሚካኤል ደርሶ ተመለሰ። ድሮ እንዲህ ያለው ነገር ያስለቅሰኝ ነበር። አሁን ግን አርባዎቹን አጋምሻለሁ፣ ሽታውን ስቤ ባጃጄን እጠብቃለሁ።

አባየ ገበሬ ነበር፤ ሰርግ በመጣ ቁጥር ግን ሰው የሚፈልገው ለክራሩ ነው። ሙሽራ ከቤቷ ስትወጣ የሚመታት፣ ከራሱ ያወጣት፣ ሌላ ማንም የማያውቃት አንዲት ዜማ ነበረችው። አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ፣ ክረምቱ ሲገባ ታመመና ሲነሣ ግራ እጁ አልታዘዝ አለው፤ ብንቆነጥጠውም አይሰማውም። ዜማዋ ከእጁ ጋር ልትቀር ሆነ። እህት ወንድም የለኝምና እኔን ጠራኝ።

ክራር ሲመታ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ይገርፋል፣ የግራ ጣቶች ደግሞ ከኋላ ሆነው የማይፈለገውን ክር አፍነው የሚፈለገውን ይለቁታል፤ ስለዚህ እሱ በደኅናው ቀኙ እየገረፈ፣ እኔ እቅፉ ውስጥ ተወሽቄ በግራዬ እያፈንኩ፣ ለሁለት አንዲት ክራር መምታት ጀመርን። የክረምቱ ውኃ ሜዳውን ሞልቶ እስከ ደጃችን ስለሚመጣ መሄጃም የለን፣ ከሰዓቱን ሙሉ እንዲሁ እንደተጣበቅን እንውላለን። እሱ በአፉ ያዜምልኛል፣ እኔ አበላሻለሁ። ያስቸገረችኝ የቀለበት ጣቴ ናት፤ ብቻዋን ተነሺ ስትባል ትንሿን ጣት አስከትላ ትነሣና ዜማዋ እዚያች ቦታ ላይ እንደ ተረገጠች ድመት ትጮሃለች። እማየ ከጓዳ ሆና “ሁለት ሆናችሁ አንዲት ክራር አቃተቻችሁ?” ትለናለች። አባየ ይስቃል፣ እኔ አኮርፋለሁ።

በኋላ አባየ ትንሿ ጣቴና ክሩ መሐል አንዲት ያልተፈለፈለች የሩዝ ፍሬ አስያዘኝ። ጣቷ ያለ ቦታዋ ከተነሣች ፍሬዋ ትወድቃለች። ዶሯችን ይህን ደረሰችበትና እግራችን ሥር መዋል ጀመረች፤ የእኔን ስሕተት እየለቀመች በዚያ ክረምት እንደ ጉድ ወፈረች።

መስከረም ላይ፣ ውኃው መጉደል ሲጀምር፣ አንድ ቀን ዶሮዋ ባዶዋን ዋለች። አባየ መምቻውን በቀኝ እጄ አስያዘኝና “እስቲ ብቻሽን” አለኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳልሳሳት መታኋት።

“በቃ፣ ችለሻል” አለና ቀስ ብሎ ተነሥቶ በሬዎቹን ሊያይ ወጣ። እኔ እየዘለልኩ ለእማየ ልነግራት ሮጥኩ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ክራሯ አጠገብ አልተቀመጠም። ብለምነውም “አንቺ ምን አጣሽ?” ይለኛል። ሰርግ ቤት እኔ ስመታ እሱ ከእንግዶቹ መሐል ሆኖ ያዳምጥ ነበር። ሰባት ዓመት ቆይቶ ሲሞት ሰው ሁሉ አለቀሰ፣ እኔ እንባ አልወጣኝም።

አገሩ ዜማዋን አተረፍሽልን ይለኛል፤ እውነት ነው፣ እስከ ዛሬ አንድ ቦታ እንኳ አልሳትኳትም። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነው። ከአባየ እቅፍ ያስወጣችኝ ያች የቀለበት ጣቴ ናት፣ የታዘዘች ዕለት። ያኔ ባውቅ ኖሮ እያወቅሁ አበላሽ ነበር።