ባለ ጃንጥላዋ ሴት

ይህን ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም። ለባለቤቴም ትንፍሽ አላልኩም። ስምንት ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤው ኖሬ አሁን ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ ልናገረው ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ስናዘዝ ኩራት ኩራት ይለኛል። ይህም ኃጢአት ከሆነ አብራችሁ ቁጠሩልኝ።

የሰበርኳት እኔ ነኝ።

አማቴ እማማ በላይነሽ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ሳሎን ቡፌ ውስጥ፣ ጃንጥላ የያዘች የፖርሰሊን ሴት ነበረቻቸው። ነፍሳቸውን ይማርና ባላቸው የባቡር ሠራተኛ ሳሉ ከጅቡቲ ያመጡላቸው ናት። «አንቺን ትመስላለች» ብለው ነው የሰጧቸው። እውነቱን ለመናገር ጨርሶ አትመስላቸውም ነበር፤ አፍንጫዋ ቀጭን፣ ጉንጯ የቀላ ፈረንጅ ነበረች። እሳቸው ግን በየበዓሉ ዋዜማ የቡፌውን ዕቃ አውርደው ሲያጥቡ እሷን መጨረሻ ላይ፣ ለብቻዋ ያጥቧት ነበር።

አዲስ ሙሽራ ሳለሁ እማማ ለታኅሣሥ ገብርኤል ከባለቤቴ ጋር ቁልቢ ወጡ። እኔ ቤት ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። አቧራ ልጥረግ ብዬ በአንድ እጄ ስልክ፣ በሌላው እሷን ያዝኩ። የማወራው ሐሜት ነበር፤ ስለ ማን እንደነበር እንኳ ዛሬ አላስታውስም። አመለጠችኝ። «እማማ፣ ሰበርኳት» ማለት ምን ይከብዳል? ሁለት ቃል ነው። እኔ ሁለት ቃል ከመናገር ሦስት ቀን መልፋትን መረጥኩ።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ፤ ጭቃ እጄ ያውቀዋል። ታይዋን ገበያ ሄጄ እሳት ሳይነካው በአየር ብቻ የሚደርቀውን ነጭ የልጆች ሸክላ ገዛሁ። የመጀመሪያዋን ቶሎ ትድረቅልኝ ብዬ ፀሐይ ላይ አሰጣኋት። የድሬ ፀሐይ መቼ ታግሦ ያውቃል፣ እስከ ወገቧ ተሰነጠቀች። ሁለተኛዋን እርጥብ ጨርቅ አልብሼ ጥላ ውስጥ ቀስ ብላ እንድትደርቅ ተውኳት። የጃንጥላዋን ዘንግ ከውስጥ በሽቦ ደገፍኩት። ቀለም ቀባኋት፤ እንደ ፖርሰሊን እንድታብረቀርቅልኝም ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ሁለት ብልቃጥ ጨረስኩባት። የተሰበረችው ፊቷ ደቅቆ ስለነበር አይቼ የምቀዳው አልነበረኝም። እጄ የለመደውን ፊት ሠራ፤ የእማማን።

እማማ ከቁልቢ ተመልሰው ቡፌው ፊት ቆሙ።

«ዛሬስ ፊቷ በራ» አሉ። «የገብርኤል ሥራ ነው።»

ጓዳ ገብቼ አፌን በነጠላዬ አፍኜ ሳቅኩ። ዲግሪዬን ስቀበል እንኳ እንደዚያ ደስ አላለኝም። ልታፍሪ ሲገባሽ ትስቂያለሽ ወይ በሉኝ። አዎ፣ ሳቅኩ።

ያ ጭቃ ግን ውሃ አይወድም። ስለዚህ የበዓሉን አጠባ ከእጃቸው ነጠቅኩ። «እርስዎ ይረፉ» እያልኩ ብርጭቆውን ሁሉ አጥባለሁ፤ እሷን በደረቅ ጨርቅ ወልውዬ ወደ ቦታዋ እመልሳለሁ። ጎረቤታችን ፋጡማ ይህን ባየች ቁጥር፣ «ዋላሂ በላይነሽ፣ አንቺ ልጅ ነው ያገኘሽው እንጂ ምራት አይደለም» ትላለች። እንዲህ አድርጌ በውሸቴ የደግ ምራት ስም አተረፍኩ።

ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ ሥራ ቦታ አመሸሁ። እማማ «ልጅቷ ደክሟታል» ብለው አጠባውን ራሳቸው ጀመሩት። ስደርስ ሳፋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ውሃው ነጭ ሆኗል። ጃንጥላዋ ሟሙታለች፤ ፊቷም የለም።

«በረኪና ጨመርኩበት፣ ልጄ» አሉኝ። «ነጭነቷ ይመለስ ብዬ። የእሱን አደራ በላሁት።»

እጄን ሳፋው ውስጥ ከተትኩ። ታዝናለች፣ የተረፈውን ልታወጣ ነው ብለው ይሆናል። እኔ ግን የፈለግኩት ሽቦውን ነበር። አገኘሁት፤ መዳፌ ውስጥ ጨብጬ ደበቅኩት። ስሰብራት ደንግጬ ነበር እንበል። ሽቦውን ስደብቅስ? ምን እንደማደርግ አውቄ ነው ያደረግኩት።

«አይዞዎት እማማ፣ እኔ እሠራልዎታለሁ» አልኩ።

በዓሉ እንዳለፈ እማማን በረንዳ ላይ ፊት ለፊቴ አስቀምጬ፣ ጎረቤት እያየ ሠራኋት። የእማማን ሰፊ ግንባር፣ የተሞላ ጉንጫቸውን፣ ሲኮሩ ከንፈራቸውን የሚገጥሙበትን አገጣጠም አንድም ሳላስቀር አወጣሁት። ከሁሉም በላጯ ይህች ሦስተኛዋ ናት። ቡፌው ላይ ስትቀመጥ ፋጡማ እልል አለች። እማማ እያለቀሱ፣ «እውነትም እኔን ትመስላለች፤ እሱ ይህን ባየ» አሉ። የሟቹ ቃል ከስንት ዓመት በኋላ በእኔ እጅ እውነት ሆነ። ለዚህ ሥራዬ ንስሐ ግቢ ብትሉኝ አልገባም።

ግን ከዚያ ወዲህ እማማ በየማለዳው ከባላቸው ፎቶ ፊት ይቆማሉ። «ይቅር በለኝ» ይላሉ። «በረኪናው ነው።» እኔ ቁርስ እያቀረብኩ እሰማለሁ። አንድም ቀን አላቋረጥኳቸውም። እኔ ለሰበርኩት እሳቸው ይቅርታ ይለምናሉ፣ እኔ ዳቦ እቆርሳለሁ።

የፖርሰሊኗን ስብርባሪ አልጣልኩትም። በወተት ጣሳ ውስጥ፣ ከልብሴ ሥር አለ። ሽቦውም አብሮት። ይህን ስጽፍ ጣሳውን አውጥቼ ጉልበቴ ላይ አድርጌዋለሁ። ሳሎን ውስጥ እማማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ ፎቶው ሲሄዱ ይሰማኛል። ያባርሩኝ ይሆናል፤ ያልቅሱብኝ ይሆናል፤ ሁለቱም ይገባኛል። ዛሬ ግን ያቺን «ይቅር በለኝ» ከአፋቸው ሳትወጣ እቀድማታለሁ። የእኔ ናት።