የጁኔሊ ነጭ ማሊያ

ጁኔሊ ሮካያ በረኛ የሆነችው ወዳ አይደለም። በዳይሌክ ተራራ ላይ ያለው የመንደሯ ትምህርት ቤት ሜዳ አንደኛው ጎሉ የተተከለው ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ያመለጠ ኳስ የሚቆመው ታች ወንዙ ጋ ነው። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነበር፤ ያስገባ ሳይሆን የገባበት ወርዶ ያመጣል። ወንዶቹ እዚያ ጎል መቆም ሞታቸው ስለነበር «አንቺ ነይ፣ እዚህ ቁሚ» አሏት። ሁለት ሦስት ጊዜ ወርዳ ዳገቱን ስትወጣ ነፍሷ ልትወጣ ደረሰች። ከዚያ በኋላ ኳስ ማሳለፍ ተወች። ስለ ተሰጥኦ የሚያወሩ ሰዎች አሉ፤ ያውሩ። የእሷ ተሰጥኦ ዳገት መጥላት ነበር።

አባቷ ሁምላል በቅሎ ነጂ ነው። ጨውና ሩዝ ጭኖ ወደ ላይኛው አገር ይወጣል፣ ፖም ጭኖ ይወርዳል። ከጁኔሊ ሌላ ልጅ አልወለደም። ታላቅ ወንድሙ ካርና ግን ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት፤ ይህን ደግሞ አረማመዱ ሳይቀር ይናገር ነበር።

«ሁምላል፣ ስትሞት እሳቱን ማን ይለኩስልሃል? በቅሎህ?» ይለዋል ሰው በተሰበሰበበት። በአገሩ ደንብ የአባት አስከሬን የሚቃጠልበትን እሳት የሚለኩሰው ወንድ ልጅ ነው።

ሁምላል አብሮ ይስቃል። ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነው፤ ቤቱ ሲገባ እራት አይበላም።

ልጅቱ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት የፖሊስ እግር ኳስ ቡድን ሰዎች አይተዋት ወደ ካትማንዱ ወሰዷት። መለዮ ሰጧት፣ ደሞዝ ቆረጡላት፣ ጠዋትና ማታ ዳል የሚባል የምስር ወጥና ሩዝ አበሏት። ብዙም ሳትቆይ ለብሔራዊ ቡድኑ ተመረጠች። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪኳ የአገሪቱ የሴቶች ኳስ ታሪክ ነው፦ ቡድኑ ለደቡብ እስያ ዋንጫ ፍጻሜ ይደርሳል፣ ይሸነፋል፣ ሕዝቡ ያለቅሳል፣ በማግሥቱ ይረሳል። ጁኔሊ ግን አትረሳም። የብር ሜዳሊያዎቿን እናቷ ግድግዳ ላይ ስትሰቅላቸው «ባክሽ አውርጂልኝ፣ ሳያቸው ያመኛል» አለቻት። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያንን ዋንጫ አንድ ቀን በእጇ ማንሳት። ሠላሳ ዓመት ሲሞላት ጉልበቷ መጮህ ጀመረ፣ የሚቀጥለው ውድድርም የመጨረሻዋ እንደሆነ ገባት።

በዚያ ዓመት ክረምት አባቷ በሳንባ ታሞ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ለሚስቱ ለጃሳራ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «እሳቱን ጁኔሊ ትለኩስ። የወንድሜን ልጅ እንዳትጠሩብኝ።»

ጁኔሊ ስትደርስ ካርና የራሱን ልጅ ነጭ አልብሶ፣ አስጠምጥሞ አቁሞት ነበር።

«ሴት ልጅ የባዕድ ናት» አለ ካርና። «ደግሞ ይሄ የአንድ ቀን ነገር መስሏችኋል? እሳት የለኮሰ ዓመት ሙሉ ነጭ መልበስ አለበት። እሷ ካትማንዱ እንደገባች ባለቀለም ማሊያዋን ታጠልቃለች፣ የወንድሜም ነፍስ መንገድ ላይ ትቀራለች።»

ጁኔሊ መዳፏን ዘረጋች። ፓንዲት ሎክናት የሚባሉት የመንደሩ ካህን በመዳፏ ውሃ አፈሰሱላት፣ እሷም ውሃውን እንደያዘች ተሳለች፦ ዓመቱ እስኪሞላ ድረስ ከነጭ ሌላ ቀለም ገላዋን አይነካም። ከዚያ ወንዝ ወርዳ አባቷን አቃጠለች። ሁሉም ሰው ሲሄድ ብቻዋን ጥግ ላይ ተቀመጠች።

እሳት የለኮሰ ሰው አሥራ ሦስት ቀን ማንም አይነካውም፤ ገለባ ላይ ይተኛል፣ ጨው የሌለው ሩዝ ለራሱ ቀቅሎ በቀን አንዴ ይበላል። የቡድን ጓደኞቿ አውቶቡስ ተሳፍረው፣ ጭቃውን በእግር ተጉዘው ሊያጽናኗት መጡ። ሁለተኛዋ በረኛ ራምራቲ፣ የቆላው አገር ልጅ ናት፣ ገና ሃያ ዓመቷ፣ ካዘነች ሁሉን የምትረሳ፤ «እትዬዬ!» ብላ ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ጁኔሊም እንደገና መታጠብ ግዴታዋ ሆነና በዚያ ዝናብ ወንዝ ወረደች።

«እትዬ፣ በሞትኩት! ልውረድልሽ?» እያለች ራምራቲ ከሩቅ ተከተለቻት።

«አንቺ ዝም ብለሽ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ» አለቻት ጁኔሊ። ከአባቷ ሞት ወዲህ ስትስቅ የታየችው ያኔ ነው።

አሥራ ሦስቱ ቀን ሲያልቅ ፓንዲቱ ቤት ሄደች። ኳስ መጫወት ትችል እንደሆነ ልትጠይቃቸው ነው፤ ፈርታለች።

«ኳሱ ቆዳ ነው?» አሏት። እሳት የለኮሰ ሰው ዓመቱን ሙሉ ቆዳ አይነካም።

«ፕላስቲክ ነው ጉሩ።»

«ጫማውስ?»

«እሱም ፕላስቲክ ነው።»

«ጓንቱ?»

«ስፖንጅ ነገር ነው።»

ሽማግሌው አሰቡና «በአባቶቻችን ጊዜ እንዲህ ያለ ችግር አልነበረም፤ ሁሉም ቆዳ ነበር፣ እንቢ ብለን እንገላገል ነበር» አሉ። «ነጭ ከለበስሽ ተጫወቺ። ከሰው እጅ ግን እንዳትበዪ።»

እንዲህም ሆነ። በረኛ ከቡድኑ የተለየ ቀለም ስለሚለብስ የእሷ ነጭ መሆን ማንንም አላስቸገረም። ካምፕ ውስጥ ምግቧን ራሷ ታበስላለች፤ ልጆቹ «እትዬ ጁኔሊ ሆቴል ከፈተች» እያሉ ያበሽቋታል። በመጸው ውድድሩ ካትማንዱ ላይ ሲጀመር ነጭ ለባሿ በረኛ ጎል ሳይገባባት ግማሽ ፍጻሜውን አለፈች። ለፍጻሜ ደረሱ። ተጋጣሚያቸው ባንግላዴሽ ሆነ፤ ያም ቡድን እንደ እነሱ ቀይ ለባሽ ነው። ቀዩ ለባለሜዳዎቹ ተሰጠና ለባንግላዴሾቹ ነጭ ደረሳቸው።

አሰልጣኝ ሚንግማር ከዳኞቹ ስብሰባ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«በረኛዋ እንደ ተጋጣሚ መልበስ አትችልም አሉ። ቢጫ ወይም ጥቁር፤ ምረጪ።»

«አልችልም።»

«ጁኔሊ፣ እባክሽ! ዘጠና ደቂቃ እኮ ነው! አባትሽ ዘጠና ደቂቃ አይታገስሽም?»

«አባቴን ተወው። ዳኞቹን ለምናቸው።»

«ለምኛለሁ። እግራቸው ላይ መውደቅ ነው የቀረኝ።»

እናቷ ጋ ደወለች። ጃሳራ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማች። «ልበሺም አትልበሺም አልልሽም» አለች። «ውሃ ይዘሽ የተናገርሽው ለእኔ አይደለም፣ ለሱ ነው። ከሱ ጋር ተነጋገሪ።» ከዚያ ስልኩን ዘጋች።

ከሞተ ሰው ጋር መነጋገር ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጁኔሊ ከሰዓቱን ሙሉ ካምፑ ግቢ ስትዞር ዋለች። ያንን ዋንጫ ፈልጋዋለች፤ ከማንም ሰው በላይ ፈልጋዋለች። ቢጫው ማሊያ አልጋዋ ላይ ተጣጥፎ ነበር። አንዴ አንስታ ደረቷ ላይ ለካችው፣ ልኳ ነው። አባቷ እሳቱን ማን እንደሚለኩስለት ሲጠየቅ የሳቀው ሳቅ ትዝ አላትና መልሳ አስቀመጠችው። ወደ ራምራቲ ክፍልም ሄዳ ጓንቷን ሰጠቻት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ገና ነኝ! ያርዱኛል!»

«አያርዱሽም። ከማዕዘን ሲመቱ ቶሎ አትውጪ፤ ችኩል ነሽ።»

በፍጻሜው ቀን ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጁኔሊ በነጭ ልብሷ ከመመልከቻው የታችኛው ረድፍ ተቀምጣ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ጮኸች። ራምራቲ ደህና ተጫወተች፣ ይህን መካድ ነውር ነው። አንድ ለአንድ ሆነው ሊጠናቀቅ ሲል ከማዕዘን የተሻማ ኳስ መጣ። ራምራቲ ወጣች፣ ቆመች፣ ኳሱ ከጣቷ በላይ አለፈ፣ ገባ። ጁኔሊ ብትሆን ትይዘው ነበር። ይህን ሕዝቡ ሁሉ ያውቃል፤ ጁኔሊም ታውቃለች።

ከዚያ የተባለውን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። አንዱ አገሯን ከዳች አላት፣ ሌላው ቅድስት አላት፤ ሁለቱም አያውቋትም። አሰልጣኙ ለወራት አላናገራትም። በቀጣዩ ምርጫ ስሟ አልተጠራም፣ እሷም ለምን ብላ አልጠየቀችም። ራምራቲ የመጀመሪያዋ በረኛ ሆነች፤ ጁኔሊ በፖሊሱ ቡድን ለልጆች ኳስ መወርወር ያዘች።

ዓመቱ ሲሞላ አገሯ ገባች። ሥርዓቱ ተፈጸመ፤ የእናቷ ወንድሞች ነጩን አስወልቀው አዲስ ልብስ አለበሷት፣ ግንባሯ ላይም ቲካ የሚባለውን ቀይ ምልክት ቀቡላት። ሰው ሁሉ ለምግብ ሲቀመጥ ካርና መጣና አጠገቧ ተንሰራፋ። ሳይወዱ በግድ የሚናገሩት ነገር እንዳለው ያስታውቃል።

«ያንን ፍጻሜ እኔ ቤት ነው ያየነው» አለ። «መንደሩ በሙሉ። ያቺ ትንሿ ሁለተኛው ጎል ሲገባባት ብድግ ብዬ ‹ልበሺው፣ አንቺ ድንጋይ ራስ፣ ልበሺው!› ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት ሁሉ ምስክሬ ነው።»

«እርስዎ?»

«እኔ! ለአንድ ቀን ቢጫ ብትለብሺ ማን ምን ይልሽ ነበር? እኔማ አልልሽም ነበር።»

የጁኔሊ ፊት በንዴት ቀላ። አጎቷን በሳህኑ ልትመታው የፈለገች ይመስል እጇ ሳህኑ ላይ ተጨበጠ፤ ወዲያው ፈታችው።

«አጎቴ፣ ለእርስዎ ብዬ ያደረግኩት መሰለዎት?»

«ታዲያ አይቆጭሽም?»

«ዋንጫው? ይቆጨኛል እንጂ። እስከ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ያቺን ኳስ እይዛታለሁ። በጣም ይቆጨኛል፣ አልዋሽዎትም።» ሩዙን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። «አባቴ ግን አይቆጨኝም።»