በአራተኛው ሩብ የሚደክም ልጅ

እታገኘሁ ሮም ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ስትኖር የረባ ውሸት የዋሸችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኤስኲሊኖ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የዘጠና ዓመቷን ጣሊያናዊት አሮጊት፣ ሲኞራዋን፣ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ታስተኛለች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሚያገኛት ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቃት ስለ ኪሩቤል ነው።

ኪሩቤል አንድ ልጇ ነው። ሮም ተወልዶ ካደገ በኋላ በአሥራ ስምንት ዓመቱ አንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ወሰደው። የሚጫወተው ኳሷን ታቅፈው ሰው ከሰው የሚላተሙባትን የአሜሪካ እግር ኳስ ነው። ቦታው የተከላካይ መስመር ላይ ነው፤ ሥራው ከፊቱ የተገተሩትን ወይፈን የሚያካክሉ ሰዎች ገፍቶ፣ ኳስ የያዘውን መጣል። መቶ ሠላሳ ሁለት ኪሎ! ሲወለድ ሁለት ተኩል እንኳ አልሞላም ነበር፤ ይህን ሁሉ ሥጋ ከየት እንዳመጣው እናቱም ግራ ይገባታል። የሙያ ቡድኖች የኮሌጅ ልጆችን በየተራ የሚመርጡበት ድራፍት የሚባለው ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ቀድሞ ከተመረጠ እናቱ የሰው ገላ ማጠብ ታቆማለች። ምሎላታል፤ እሷም አምናዋለች።

በዚያ እሑድ ከአንዱ ቡድን የተላከ ገምጋሚ እናቱን በቪዲዮ ሊያነጋግር ቀጠሮ ይዞ ነበር። ለማስተርጎም እየሩሳሌም ቤት ሄደች። እየሩሳሌም በዓለም አቀፉ የምግብ ድርጅት የምትሠራ፣ እንግሊዝኛዋ የተባ የማኅበሯ ልጅ ናት። ሰውዬው እስኪደውል ድረስ ኢንተርኔት ላይ ስለ ኪሩቤል የተጻፈውን ግምገማ እያነበበች ተረጎመችላት።

«እጆቹ ከባድ ናቸው ይላል፣ እትዬ። የመጀመሪያ እርምጃው ፈጣን ነው፤ ሁለት ሰው ቢገፋው እንኳ ቦታውን አይለቅም።»

«እሰይ የኔ ጌታ!»

«ግን በአራተኛው፣ በጨዋታው መጨረሻ ሩብ ይደክማል ይላል። ጉልበቱን ተደግፎ ቆሞ እንዲያስወጡት ምልክት ይሰጣል። ጉዳት የለበትም፤ ደስ ሲለው ብቻ የሚጫወት ሰነፍ ልጅ ነው። በምርጫው ተራ ወደ ኋላ የሚያወርዱትም በዚህ ነው።»

«ሰነፍ?» እታገኘሁ ደሟ ፈላ። «ሰነፍ ያለው ምላሱ ይቆረጥ! እስቲ አሳዪኝ።»

እየሩሳሌም የጨዋታውን ቪዲዮ ከፈተችላት። ኪሩቤል ጎንበስ ብሎ በቀኝ እጁ ጉልበቱን ይዟል፤ በግራ መዳፉ ከጡቱ በታች ደረቱን ተጭኗል። የእታገኘሁ ንዴት በአንዴ ጠፋ። ይህን አቋቋም ታውቀዋለች፤ የሳህለ ነው።

ሳህለ ባሏ ነበር፤ ቤት ቀለም ቀቢ። የፖንቴ ማሞሎን የሜትሮ ባቡር ጣቢያ ደረጃ ሲወጣ ልክ እንዲህ ይቆምና «እርጅና ነው» እያለ ይስቅ ነበር፤ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ! አንድ ጠዋት እዚያው ደረጃ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ሐኪሙ የልቡ ጡንቻ ወፍሮ እንደነበር፣ ነገሩ በዘር እንደሚሄድና ልጁም በየጊዜው መታየት እንዳለበት ነገራት። ኪሩቤል ስድስት ዓመቱ ነበር። ለሕፃን መርዶ አይነገርም፣ ትንሽ ይጠና አሉ ሽማግሌዎቹ። እሷ ደግሞ «የዘር በሽታ» የሚለው ወሬ ልጇን ዕድሜውን ሙሉ እንዳይከተለው ፈራች። ሲጠና «አባትህ አገር ቤት ሄዶ መኪና ገጨው» አለችው። ሌላ ጊዜ አንድ ምሥጢር የማያሳድረው ማኅበርተኛ ሁሉ ይቺን ግን ዋጣት።

ጣሊያን ሳለ ለስፖርት ፈቃድ ወረቀቱ፣ ለቼርቲፊካቶው፣ ልቡ በየዓመቱ ይታይ ነበር፤ ንጹሕ ነው ይሏታል፣ እሷም ወረቀቱን አጣጥፋ ትተኛለች። አሜሪካ ግን ያንን ወረቀት የጠየቀው የለም። የኮሌጁ ቅጽ የአባቱን አሟሟት ሲጠይቀው «የመኪና አደጋ» ብሎ ሞላ፤ የሚያውቀው ያንን ነዋ።

በረንዳ ላይ ወጥታ ደወለችለት።

«ኪሩዬ፣ ስትጫወት ደረትህን ያምሃል?»

«ማን ነገረሽ?»

«ንገረኝ።»

«ያዞረኛል። አንዴም ልምምድ ላይ ወድቄያለሁ፤ ውሃ ጠምቶኝ ነው አልኳቸው። እማ፣ ሰነፍን ዘግይተውም ቢሆን ይመርጡታል። በሽተኛን ግን ዞር ብለውም አያዩትም።»

አሥራ ስድስት ዓመት የዘገየውን መርዶ በጠራራ ፀሐይ፣ ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ አብሮ የሚያለቅስ ሳይኖር ነገረችው። «አባትህን መኪና አልገጨውም፣ ልጄ» ብላ ጀምራ ምንም ሳታስቀር ጨረሰች።

ያለቅሳል ብላ ስትጠብቅ አላለቀሰም። «አሎራ፣ እንግዲያው አሥራ ስድስት ዓመት ዝም ካልሽ ሦስት ሳምንት አያቅትሽም» አላት። «ከተመረጥኩ በኋላ እታከማለሁ። በእመቤቴ ይዤሻለሁ እማ፣ ለሰውዬው እንዳትነግሪው።»

ገምጋሚው በሰዓቱ ደወለ። ጨዋ ሰው ነው፤ ስለ ሮም ጠየቃት፣ ስለ ሥራዋ ጠየቃት። ከዚያ ብዕሩን አነሳና ልጇ መጨረሻ ላይ ለምን እንደሚደክም ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። መልሱ አፏ ላይ ነበር፦ ትምህርት ያበዛል፣ እንቅልፍ ያንሰዋል። አሥራ ስድስት ዓመት የዋሸ አፍ መቼ ይቸግረዋል?

«ልጄ ሰነፍ አይደለም በዪው» አለች። «አባቱ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ በልብ በሽታ ሞቷል። ልጄንም እንደ አባቱ ያዞረዋል። ነገ ዛሬ ሳይሉ ይመርምሩት።»

እየሩሳሌም አፏን በእጇ ያዘች። «እትዬ... ልንገረው? እርግጠኛ ነዎት?»

«አንድም ሳታስቀሪ።»

ሰውዬው መጀመሪያ መጻፉን ተወ፤ ከዚያ ብዙ ጻፈ።

በዚያው ሳምንት መረመሩት፤ የአባቱን በሽታ አገኙበት። ኮሌጁ የራስ ቁሩን ተቀብሎ ከጨዋታ አገደው፣ ቡድኖቹም ስሙን ሰረዙ። በድራፍቱ ቀን ከሁለት መቶ በላይ ስም ሲጠራ የእሱ አልተጠራም። አንድ ጊዜ ብቻ ደወለላት። «ሰነፍ ነው ብትዪው ምን ነበረበት?» ብሏት ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማችም። አንጀቷ አሯል፤ ትክክል ሠራሁ ብላ አትጽናናም፣ አጠፋሁም አትልም። እየሩሳሌም «ይመለሳል እትዬ» ስትላት ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሲኞራዋን ከመቀስቀሷ በፊት ስልኳን ትከፍታለች። «እንዴት አደርክ ልጄ» የሚሉት መልእክቶቿ መልስ ሳያገኙ ተደርድረዋል። ከስሙ ሥር ግን ስልኩን መጨረሻ የከፈተበት ሰዓት ተጽፏል። እሷ የምትፈልገው ያንን ሰዓት ነው። ዛሬ ከሃያ ደቂቃ በፊት ይላል። «ተመስገን» ትልና ስልኩን ሽርጧ ኪስ ከትታ የመታጠቢያውን ውሃ ልትሞላ ትሄዳለች።