ማንም ያልደፈረው ፍራፍሬ

ልጄ ጥርስ እያወጣች ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እንደዚህ ደክሜ እያለሁ ነው እንግዲህ የሰፈራችን ሴቶች ለሰንደቅ ዓላማ ቀን "ፍራፍሬው ያንቺ ነው" ያሉኝ። ለሰፈሩ አዲስ ነኝ፤ ገና በመጀመሪያው ስሜ እንዳይጠፋ ፈርቼ እሺ አልኩ።

ልጄን አዝዬ አትክልት ተራ ሄጄ ገዛሁ። በሠላሳ ብርጭቆ ከታች ሀብሐብ፣ መሃል ማንጎ፣ ከላይ የተፈጨ አቮካዶ አደረግኩ። ቁርጥ ባንዲራችን! ሸማ ተራ ጀርባ በተጣለው ድንኳን ሳቀርበው ሁሉም አጨበጨበ።

የሚበላ ግን ጠፋ። ሁሉም ማንኪያውን ይዞ ጋሼ ታደሰን ያያል። ጋሼ የድሮ ወታደር ናቸው፤ ከሳቸው በፊት ማንም አይቀምስም። እሳቸው ደግሞ ባርኔጣቸውን አውልቀው ብርጭቆው ፊት ቀጥ ብለው ቆመዋል።

"እኔ ባንዲራ ላይ ማንኪያ አልሰካም" አሉ።

"ጋሼ፣ ፍራፍሬ እኮ ነው።"

"አይቻለሁ ልጄ። ባንዲራም ነው።"

ፍራፍሬውን ከሰጡኝ ሴቶች አንዷ እትዬ አልማዝ ከኋላዬ፣ "ምናለ ሙዝ ብቻ ቆራርጠሽ ብታመጪ!" አሉኝ።

የበዓሉ ንግግር ረዘመ፣ ድንኳኑ ጋለ። ፈዝዤ ብርጭቆዎቹን ሳይ አቮካዶው መጥቆር ጀምሯል። ለካ በድካሜ ሎሚ መጭመቁን ረስቼዋለሁ! አንዱን በናፕኪን ብሸፍን ሌላው ይጠቁራል። አለቀልኝ አልኩ፤ ሠላሳውም ጠቆረ።

ጋሼ ታደሰ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉና ማንኪያቸውን አነሱ።

"ይሄማ የኛ ባንዲራ አይደለም" አሉ። "ብሉ!"