እህቴን ጥቁር ላስወልቅ ደብረ ታቦር

ቅዳሜ ጠዋት፣ ባሕር ዳር

ከባሕር ዳር የተነሣሁት በአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ታላቅ እህቴን ጥሩወርቅን ጥቁር ልብሷን ላስወልቅና ላስጨፍር። ባሏ አዳነ ካረፈ ሦስት ዓመት አለፈው። ዓመት ሲሞላው ማውለቅ ነበረባት፣ እሷ ግን እንቢ አለች። "የአዳነ ዘመዶች ምን ይሉኛል? ረሳችው ቢሉስ?" ትለኛለች በደወልሁ ቁጥር። በሰርጓ ቀን ማሲንቆ መቺው ደክሞት ሲቀመጥ እሷ ገና እየሞቃት ነበር! ያቺ ሴት ናት እንግዲህ ትከሻዋን ቆልፋ የተቀመጠችው።

ሻንጣዬ ውስጥ አረንጓዴ ቀሚሴን ከተትሁላት። ለማንም አውሼው አላውቅም፤ ለእሷም ቢሆን ለአንድ ምሽት ብቻ ነው።

ሚኒባሱ ከታሪፉ በላይ አስከፍሎን ሁለት ሰዓት ገደማ ተነሣ። ወረታ ላይ የጎንደሩን መንገድ ትተን ወደ ቀኝ ታጠፍን። ሹፌሩ ዘፈን ሲከፍት ትከሻዬ አልታዘዝ አለኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ ዞር ብለው አዩኝ።

"ሰርግ ነው ምትሄጅ ልጄ?"

"አይ አባ፣ እህቴን ከሐዘን ላወጣ ነው።"

"እሱስ ከሰርግም ይበልጣል፤ እግዜር ይርዳሽ" አሉና መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

አለም በርን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ብርዱ በመስኮት ገባ። ሹራቤን ረስቼ መምጣቴ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ከሰዓት፣ ደብረ ታቦር

ጥሩወርቅ ገበያው አጠገብ በተከራየችው ክፍል በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች። ትኩስ ቅቅል ድንች በአዋዜ አቀረበችልኝ፤ የጉና ድንች ነው፣ ምን ይወጣለታል! ሦስተኛውን ሳልጨርስ ቀሚሱን አወጣሁት።

"አበድሽ እንዴ?"

"እታለም፣ ዛሬ ይህን ለብሰሽ ጭፈራ ቤት ካልወጣን አሁኑኑ እመለሳለሁ፤ ዳግም አልመጣም።"

ውሸቴን ነው፤ ግን ሠራ። "ቁጭ ብዬ አይቼ ብቻ ነው ምመለስ" ብላ ለበሰችው። ጥቁር ሻርፗን ግን ከላይ ደረበችበት።

ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል

መጠጥ ቤቱ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ይላል። መሐሉ ለጭፈራ ተለቋል፤ ጥግ ላይ ማሲንቆና ኪቦርድ አለ። እኔ ቢራ፣ እሷ ለስላሳ አዘዝን። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ጠረጴዛው ሥር ጉልበቷ ሲንቀሳቀስ አየሁና ያላየሁ መሰልሁ።

በድንገት እጄን ጨበጠችኝ።

"ማሬ፣ ጉድ ሆንሁ። አያ ዋለ!"

አያ ዋለ የአዳነ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የጉና ገበሬ። ከምሰሶው አጠገብ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። ነገ ወሬው ጉና ይደርሳል፤ እህቴም እኔ በሠራሁት ሥራ የባሏን ዘመዶች ታጣለች።

"እንውጣ" ብላ ስትነሣ እሳቸውም ተነሡ። በሩ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን።

"አያ ዋለ፣ እኔኮ አልጨፈርሁም" አለች ሻርፗን ወደ ላይ እየሳበች። "እህቴ ጎትታኝ ነው።"

"እኔም አልጨፈርሁ፣ በእመቤቴ!" አሉ እሳቸው እየተንተባተቡ። "ድንች ልሸጥ መጥቼ ጓደኛ ጎትቶኝ ነው። አንቺን ሳይ በኋላ በር ልጠፋ ብል በሩን አጣሁት።"

"እኔን ነው ሚሸሹ? ለምን?"

"ወንድሙን ረሳው ትይኛለሽ ብዬ ነዋ! ሦስት ዓመት ሙሉ ሰርግ ስጠራ ጥግ ይዤ ነው ምቀመጥ፣ አንቺን እየፈራሁ።"

እህቴ አፏን ይዛ ቆመች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ ሦስት ዓመት ያልሰማሁት ሳቅ! አያ ዋለ ጥቁሩን ሻርፕ በገዛ እጃቸው ከትከሻዋ አንሥተው ለእኔ ሰጡኝ።

"በቃ ጥሩዬ" አሏት። "አዳነም ቢሆን ጭፈራሽን አይቶ ነው ያገባሽ።"

ጋቢያቸውን ወንበር ላይ ጥለው ፊቷ ቆሙ። እሷ መጀመሪያ ትንሽ ፈራ ተባ አለች፤ ከዚያ እስክስታውን ስትለቀው ሰዉ ቦታ ለቀቀላቸው። አያ ዋለም የዋዛ አይደሉም! እኔ ሻርፑን ታቅፌ እፎይ ብዬ አለቀስሁ። እንዳልጨፍር እንኳ እንባዬ ከለከለኝ።

እሑድ፣ ወደ ቤት

በጠዋት ጥሩወርቅ ሻንጣዬን ራሷ አስተካክላ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። መንገዱን ሙሉ ሁለቱን ሳስብ ነበር። አንዳቸው ሌላቸውን እየፈሩ ሦስት ዓመት ሙሉ አንገታቸውን ደፉ፤ አንዳቸውም አልጠየቁ። ከእንግዲህ "ምን ይሉኛል" የሚለኝ ሰው ካለ፣ ሄደህ ራሳቸውን ጠይቃቸው እለዋለሁ።

ቤቴ ገብቼ ሻንጣዬን ስከፍት አረንጓዴ ቀሚሴ የለም። በቦታው የእህቴ ጥቁር ቀሚስ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ደወልሁላት።

"ቀሚሴስ?"

"አያ ዋለ በጥር ልጃቸውን ይድራሉ፤ ምን ልልበስ ታዲያ?" ብላ እየሳቀች ስልኩን ዘጋችብኝ።

በዕድሜዬ ተሰርቄ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።