ለእንግዳ የተለቀመ አኩሪ አተር

ገዢዎቹ መልስ ሰጡ! አኩሪ አተራችንን ይወስዱታል። የማኅበራችን ሊቀመንበር ዛሬ ስልካቸውን ከፍ አድርገው እየሮጡ ሲመጡ ደብተሬን ጥዬ ጮህኩ። መልሱ የመጣው እኔ ለጻፍኩት ደብዳቤ ነዋ!

እዚህ እስኪደረስ ግን ብዙ ነገር ሆኗል።

መንደራችን ከአሶሳ ትንሽ ወጣ ይላል። ሽማግሌዎቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። አያቴ፣ «ያኔ የእህል ኮታ ነበር፤ መንግሥት ይጭናል፣ እኛ ዝም» ይላሉ። አምና አንድ የውጭ አገር ባለሙያ መጥቶ ማኅበሩን ከውጭ ገዢዎች ጋር አገናኘው። በአስተርጓሚ፣ «ገበያው ራሱ ያስተምራችኋል» አለን። አያቴ ቀበል አድርገው፣ «አስተማሪ ከሆነማ ኩርኩሙም አይቀርልን!» አሉ።

ገዢዎቹ ናሙና ጠየቁ። እናቴና የሰፈሩ ሴቶች ሰፌድ ይዘው ተቀመጡ። የተሰበረውን፣ የጠቆረውን፣ ገለባውን አንድ በአንድ ለቀሙ። ለእንግዳ ያልተለቀመ ነገር ይሰጣል እንዴ? ሲጨርሱ እህሉ እንደ ጨሌ ያበራ ነበር።

ናሙናው ተልኮ፣ የተተረጎመው ውል ሲመጣ ለአባላቱ ያነበብኩት እኔ ነኝ። አንዱን ቦታ ሁለቴ አነበብኩት፦ ጭነቱ እንደ ናሙናው ካልሆነ ይመለሳል። መጋዘን ሙሉ ጆንያ ማን ይለቅማል? የአሶሳ ነጋዴዎችን ደግሞ «ሸጠናል» ብለን መልሰናቸዋል። የዓመት ልፋታችን ሜዳ ሊቀር ነው።

«ዝም ብለን እንጫን» አሉ ሊቀመንበሩ። «ፈረንጅ ጆንያ ሥር ገብቶ አያይ።»

«ካየስ?» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ አፍሽ!» አለች እናቴ። «እኔ ላሳምር ብዬ እንጂ ላታልል ነው?»

«እሱኑ ልጻፍላቸዋ!»

ሊቀመንበሩ እያንገራገሩም ቢሆን ፈቀዱ፤ ጻፍኩት። የመጀመሪያው ለእንግዳ ተብሎ የተለቀመ ነው፣ እውነተኛው ይኸውላችሁ ብዬ። አስተርጓሚው ተርጉሞ፣ ከጆንያ መሃል ከተዘገነ ሌላ ናሙና ጋር፣ ከነገለባው ላከልን። ከዚያ ወዲያ እናቴ አኮረፈችኝ። የሰው ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ የሚታየኝ፣ እህላችንን ተሸክሞ የሚመለስ መኪና ነበር። ምነው ዝም ባልኩ ኖሮ እያልኩ ስንቴ እጄን ነከስኩ።

ዛሬ ግን፣ ዋጋውን ትንሽ ዝቅ አድርገው፣ እንዳለ እንረከባለን አሉ። አያቴ በዋጋው ተናደዋል። እናቴ ግን አጠገቤ መጥታ፣ «እስቲ ያን ደብዳቤ አንብቢልኝ» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ገዢዎቹ ሰው ይልካሉ፤ ከየጆንያው እየዘገነ ያያል። ሊቀመንበሩ፣ «ምስክር ይብዛልን፤ ለምታውቂው ሁሉ ጻፊ» ብለውኛል። ይኸው ጻፍኩ። እናንተም መጋዘኑ በር ላይ ኑ፤ ከፈለጋችሁት ጆንያ ራሳችሁ ዝገኑ።